ኪስ የሌለው ሰውዬ

ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይሄ ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይዟል? ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ቴአትር አዳራሽ ለተዋንያን ልብስ ስሰፋ ይህን ሳልጠይቅ መቀስ ያነሣሁበት ቀን የለም። ሐኪም ነው ካሉኝ፣ እስክሪብቶ ብቻ ነው የያዘው ወይስ ለልጁ የገዛው ከረሜላም አለ? ከረሜላ ካለ የኪሱን አፍ ለቀቅ አድርጌ እሰፋዋለሁ፤ እጁ ቶሎ ቶሎ እዚያ ይገባላ። ተመልካቹ ከረሜላውን አያየውም። ተዋናዩ ግን ያውቀዋል፤ አቋቋሙ ራሱ ይለወጣል። ይሄን ያስተማረኝ የለም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው። አዲስ የሚመጡ ደራሲዎች መጀመሪያ ይስቁብኛል፣ ቀጥሎ ይናደዱብኛል፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ማሰብ ይጀምራሉ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ ግን አነባለሁ፤ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው የሚዘለው ቃል የለም።

የወንድሜ ልጅ ድርሰቷን ይዛ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ካውያው ገና አልሞቀም ነበር። ዐሥራ ሁለት ገጽ፣ በሽቦ የተያያዘ። ደስታዋ ፊቷ አልበቃው ብሎ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። የአዳራሹ ኃላፊ ተውኔቱን ወዶታል፤ በዚያ ላይ ተራ ቀን አይደለም የሚታየው። በወሩ መጨረሻ እሑድ አዲሱ የገበያ ሕንጻ ይመረቃል፤ ባለሥልጣኖቹ ሪባን ቆርጠው ሲጨርሱ ወደኛ አዳራሽ መጥተው የሚያዩት የሷን ድርሰት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለመድረክ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ «የገበያ ሕንጻ» የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ እዚያው ቀረ።

«አባትሽ ያውቃል?» አልኳት።

«ጠርቼዋለሁ። ከፊት ወንበር ይዤለታለሁ» አለች። «አክስቴ፣ ድርሰቱ እኮ ስለሱ ነው። ለሱ ነው የጻፍኩት።»

ሕንጻው የቆመበት መሬት ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሰፈር ነበር። ሠላሳ ምናምን ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ቡኒ የሆነ። ወንድሜ ያኔ የመንግሥት ዶዘር ነጂ ነበር። አፍርስ ተብሎ ተላከ፤ አላፈረሰም። ከሥራ ተባረረ፣ ታሰረ፣ ስሙም «ቁልፍ ሌባው» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጎማ ይጠግናል። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ድርሰቷን ላንብብ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ሰዎች አሉ፤ «ሰውየው»፣ «ጥላ» እና «ድምፅ»። ሰውየው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጥላው ከታች ሆኖ «ውረድ ወይም ንፋስ ሁን» ይለዋል። ሰውየው «ከፍታ ማለት ጥልቀቱን የረሳ ሰማይ ነው» ይላል። ድምፁ ይስቃል። ድንጋይ ይወድቃል፤ ማን እንደጣለው አይታወቅም። ሰውየው ስለ ብርሃን አንድ ገጽ ተኩል ይናገራል። መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ሰውየው ይሆናል» ይላል፤ መብራት ይጠፋል፤ አለቀ።

ምን እንደሚሆን አላገኘሁትም። ጣቴ ዘሎት ይሆናል ብዬ ተመልሼ ፈለግሁ። አልዘለለም።

ሐሙስ ዕለት ስትመጣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት።

«ሰውየው ኪሱ ውስጥ ምን ይዟል?»

«ኪስ የለውም አክስቴ። ሰውየው ሰው አይደለም፤ ሐሳብ ነው።»

«ለሐሳብ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል?»

ሳቀች። እኔ ስላልሳቅሁ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ነጭ ረጅም ቀሚስ ነገር ስፊለት፣ ኪስ የሌለው፣ አለችኝ። ኪስ የሌለው ልብስ የምሰፋው ለአራስ ልጅ ነው አልኳት። ሥራው ምንድን ነው፣ የት አደረ፣ ልብሱን ማን ያጥብለታል ብዬ አከታተልኩባት። በመጨረሻ በትዕግሥት፣ ልክ እኔ ሕፃን እንደሆንኩ አድርጋ አስረዳችኝ። በግልጽ ቢጻፍ ያግዱታል። እንዲህ ሆኖ ሲጻፍ ግን ማንም ምንም ሊል አይችልም፤ የገባው ይገባዋል።

«ያልገባውስ?»

«ላልገባው ውበቱ ይበቃዋል።»

«እኔ አልገባኝም» አልኳት። «ውበቱም አልበቃኝም።»

ድርሰቷን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃኝ ወጣች። የቤተሰብ ነው፤ ሁላችንም በር ስንዘጋ ይሰማል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ድርሰቱ መድረኩ ላይ ተነበበ። በኛ አዳራሽ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ልምምድ ሳይጀመር ሁሉም ሠራተኛ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ድርሰቱ ይነበባል፣ ከዚያ እያንዳንዱ አስተያየት ይሰጣል። እኔ አስተያየቴን የምሰጠው በኪስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ።

ሰውየውን የሚጫወተው «ነጎድጓድ» የምንለው ተዋናይ ነው። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲጠይቅ እንኳ ሰዉ ዞር ብሎ ያየዋል። ካነበበው በኋላ ጥልቅ ነው አለ፤ እሱ ሰውየውን ያየው እንደ መናኝ ነው፣ ጢም ቢያሳድግለት ምን ይመስለናል? መብራት የሚሠራው ደግሞ ሰውየው ከመጀመሪያውም የሞተ መስሎታል፤ ሰማያዊ መብራት ሊያበራበት አስቧል። ሁለቱ ሞቷል አልሞተም ብለው ትንሽ ተከራከሩ። የወንድሜ ልጅ ፈገግ ብላ ሁለቱንም ትጽፍላቸዋለች።

ከዚያ ኃላፊው ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ማንንም የማይጮህበት ሰው ነው። ድርሰቱ ለበዓሉ የተጻፈ ያህል ነው አለ። ሰውየው አሮጌው ዘመን ነው። ከፍ ብሎ ተቀምጦ አልወርድም ይላል፤ ጥላው ማለትም አዲሱ ዘመን ውረድ ይለዋል፤ ድንጋዩ ሲወድቅ አሮጌው ቤት መፍረሱ ነው። «መጨረሻ ላይ ሰውየው ይወድቃል፤ ሕንጻው ይነሣል» አለ። «ከመጋረጃው በስተኋላ የሕንጻውን ሥዕል እንሰቅላለን። እንግዶቹ ቆመው ነው የሚያጨበጭቡት።»

የወንድሜን ልጅ አየኋት። እስክሪብቶዋ ቆሟል። ከጆሮዋ ላይ ያ ቅላት ወርዷል። እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ፣

«እንደዚያም ሊታይ ይችላል» አለች።

ወንድሜ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ታየኝ፤ የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ ጎማ የሚያጠቁረውን ጥፍሩን ታጥቦ። ከጎኑ ያባረሩት ሰዎች። ፊት ለፊቱ የሱኑ ታሪክ አይተው «ሰውየው ወደቀ፣ እሰይ» ብለው ሲያጨበጭቡ። እሱም ልጁ የጻፈችው ነውና አብሮ ሲያጨበጭብ። ያጨበጭባል፤ አውቀዋለሁ።

«እንደዚያ አይታይም» አልኩ።

ሁሉም ዞር አለ። ኃላፊው «እትዬ፣ አስተያየት አለዎት?» አለኝ፤ በጨዋነት ነው።

«አለኝ። አንድ ድርሰት ሰምተን አንዱ መናኝ ነው አለ፣ አንዱ ሬሳ ነው አለ፣ እርስዎ ደግሞ የፈረሰ ቤት ነው አሉ። የጻፈችው ልጅ ሦስቱንም እሺ አለች። እንዲህ ያለ ልብስ አንድ ሰው ቢያመጣልኝ ለማንም የሚሆን ስለሆነ ለማንም አይሆንም ብዬ እተረትረዋለሁ። እኔ ለዚህ ሰውዬ አልሰፋም።»

ነጎድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ። ለሱ መጥረግ ማለት አዳራሹን ማናጋት ነው። ኃላፊው ሥነ ጥበብ ለትርጉም ክፍት መሆን አለበት ምናምን አለ፤ እኔም በሯ ክፍት የሆነ ቤት ማን እንደሚገባባት አታውቅም ያልኩ ይመስለኛል። በትክክል ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ተቆጥቼ ነበር። የወንድሜ ልጅ ተነሥታ ወጣች።

ልብስ መስፊያ ክፍሌ ውስጥ አገኘኋት። ሰው ፊት እንዴት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ ብላ አለቀሰች፣ ቀጥላም ጮኸችብኝ። እንዲያስሯት ነው የምፈልገው? በግልጽ ምን ብላ ትጽፍ?

«አባዬ ደክሞት ወረደ ብዬ ልጻፍ?» አለች። «ራሱ የነገረኝ እኮ እሱን ነው። ፀሐይ መታኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ወረድኩ። ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ወንዝ ገባ። ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ሲሉኝ የምመልሰው ያንን ነበር፤ አልሰረቀም፣ አዙሮት ነው። ከዚህ ምን ተውኔት ይወጣል? ስለዚህ ነው ወደ ሰማይ ያወጣሁት።»

ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ድርሰቱ ውስጥ ያን ሁሉ ጭጋግ ያመጣችው ለብልጠት ብቻ አልነበረም። አታውቅማ። አባቷ ያደረገውን አታውቅም።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። አሁን የዚያን ቀኑን ልንገራችሁ።

ወንድሜ ከቀትር በፊት ነው እዚሁ ክፍል የመጣው። ቱታው አቧራ ብቻ ነበር። ስለሆነው ብዙ አልተናገረም፤ መዳፉን ዘረጋ፣ የዶዘሩ የሞተር ቁልፍ ነበረበት፤ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ አለው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ከአልጋ የማትነሣ አሮጊት ነበረች። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ሌላው ዶዘር ወንዝ ማዶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ትርፉ ቁልፍ ደግሞ ከሌላ ከተማ መምጣት ነበረበት። የሱ ዶዘር ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሞተ በሬ ቆመ። በሦስት ቀን ሰዉ አሮጊቷን አወጣ፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆርቆሮውን፣ የልጆቹን ደብተር አወጣ። በአራተኛው ቀን ፈረሰ። ማዳን አልቻለም፤ ግን ባዶ ቤት ነው ያፈረሱት።

ቁልፉን ወርውረው አልኩት ያኔ። «አልወረውርም» አለኝ። እኔም ደርቦት ከመጣው ጃኬት የግራ ትከሻ ገበሩን ተረተርኩ፣ ቁልፉን ስፖንጁ ውስጥ ከተትኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። ቤቱን ሦስት ጊዜ ፈተሹት። የዱቄት ዕቃውን ገለበጡ፣ ፍራሹን ቀደዱ። ችሎት የቆመው ያንኑ ጃኬት ለብሶ ነው። ዳኛው ቁልፉ የት ነው ሲሉት ትከሻው ላይ ነበር፤ ወንዝ ጣልኩት አለ። ስምንት ወር ፈረዱበት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ከአፏ ያመልጣታል ብለን ደበቅናት። ከዚያ አደገች፤ መደበቁ ግን ለምዶብን ቀረ።

ይሄን ለሷ መንገር የኔ ፈንታ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

ጎማ መጠገኛው አንድ ግቢ ነው፤ ያለቀ ጎማ በቁመቴ ልክ ተደርድሯል፤ የአየር መሙያው ሞተር ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ወንድሜ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

«ጋሼ፣ ለልጅቷ ንገራት» አልኩት።

«ተይው።»

«አልተውም።»

«ሥራ ጀምራለች። የኔን ነገር ተሸክማ ምን ታደርገዋለች? ተይው አልኩሽ።»

የዓርቡን ነገርኩት። መናኙን ስነግረው ሳቀ። የሞተውን ስነግረው ባሰው። ሰውየው አሮጌው ዘመን ነው፣ ይወድቃል፣ ከኋላ የሕንጻው ሥዕል ይሰቀላል ስለው እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። አረፋው ወጣ፣ ወጣ፣ እሱ ግን አያየውም።

«እኔም ላጨበጭብ ነበር?» አለ።

«ከፊት ወንበር።»

እጁን ጠረገ፤ ሥራ ሲጨርስ ብቻ እንደሚያደርገው፣ ጣት በጣት። ወደ ጓዳ ገባ። ሲወጣ ጃኬቱን በፌስታል ይዞ ነበር። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው» አለኝ፤ «እሷ ትተርትረው።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን አስጠራኋት፤ አኩርፋለች፤ መጣች ግን። ጃኬቱን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ መተርተሪያውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ግራ ትከሻ፣ ገበሩን አልኳት። እጇ ለዚህ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ጨርቁን ወጋችው። ስፖንጁ ሲወጣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቁጥር አነበበች። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣

«አልወደቀበትም» አለች።

«አልወደቀበትም።»

«አላዞረውም።»

«ማዞሩንስ አዙሮት ይሆናል። ግን ያወረደው እሱ አይደለም።»

ያን ቀን የጠየቀችኝ ጥያቄ! ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን ነበረ አጠገቡ፣ አሮጊቷን ማን ተሸክሞ አወጣት። ደብተር ስላልያዘች የልብስ ቅድ በማወጣበት ቡኒ ወረቀት ላይ፣ በጠመኔዬ ጀምራ በእርሳስ ጻፈች። የማላውቀውን «አባትሽን ጠይቂ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ አባቷ ዘንድ ሄደች፤ በማግሥቱም ሄደች።

በሳምንቱ አዲሱን ድርሰት ይዛ መጣች፤ ሰባት ገጽ። አባቷንም ይዛዋለች፤ ደጃፌ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፣ ቦታ የሚያቆሽሽ ይመስል። ጎትቼ አስቀመጥኩት። እሷ አነበበች፣ እኛ ሰማን። ሲያልቅ ወንድሜ አስተያየቱን ሰጠ። በሕይወቴ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ እንደሱ ያለ አልሰማሁም።

በግራ በር ነው የወረድኩት አላት፤ የቀኙ አይከፈትም ነበር። እግሬ ተንቀጥቅጧል፤ አንቺ ጀግና አድርገሽኛል፣ እሱን አስተካክዪው። ደግሞ እዚህ ጋ ረጅም ንግግር ሰጥተሽኛል። እኔ አልተናገርኩም።

«ምንም አላልክም አባዬ?»

«ሰው አለ አልኩ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አይቶ፣ ወረቀቱ ላይ የለም አለኝ። ውስጥ ሰው አለ አልኩት። ወረቀቱ ላይ የለም አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ አልኩት። ያንኑ መለሰልኝ። አራተኛ አላልኩም፤ ሞተሩን አጠፋሁ።»

ልጅቷ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰረዘች። ጥላ ጠፋ፣ ድምፅ ጠፋ። አንድ ዶዘር ነጂና አንድ ወረቀት የያዘ ተቆጣጣሪ ቀሩ። መጨረሻው ላይ በቅንፍ የነበረው «ሰውየው ይሆናል» ወጥቶ «ነጂው ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ በግራ በር ይወርዳል» ተጻፈ። እኔም መቀሴን አነሣሁ። ሰማያዊ ቱታ ቆረጥኩ፣ ቀኝ ጭኑ ላይ ጠንካራ ኪስ፣ ውስጡን ከቤት ባመጣሁት ጨርቅ ገበር አድርጌ፤ ጨርቁ ሳስቶ ቁልፉ እንዳይወድቅ።

ነጎድጓድ ለልክ ሲመጣ ቱታውን ለብሶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ እዚያ ያኖርኩትን የወንድሜን ቁልፍ ነካ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ተናገረ። «አሁን ገባኝ ምን እንደማደርግ» አለ።

ኃላፊው አዲሱን ድርሰት ያነበበው እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ቆሞ ነው። አንብቦ ሲጨርስ በሩን ዘጋ። አልጮኸም፤ እሱ አይጮህም። የተፈቀደው ይሄ አይደለም አለ። ይሄ እኮ በዚያ ቀን፣ በነዚያ እንግዶች ፊት ስድብ ነው። እሱም ልጆች አሉት። የድሮውን ትመልስና ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል፤ አለዚያ ሌላ ነገር ይታያል፣ እሷም በዚህ አዳራሽ በር እንዳትደርስ።

«የድሮው የለም» አለች ልጅቷ።

«እኔ ጋ ቅጂው አለ።»

«ቅጂው አለ። ደራሲው የለችም። ስሜን ጠርተው ቢያሳዩት መድረኩ ላይ ወጥቼ ያ የኔ አይደለም እላለሁ።»

ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ እባክዎ እርስዎ ይምከሯት።»

«መክሬያታለሁ» አልኩት። «ይሄው ነው ውጤቱ።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ቱታው ላይ ጣቱን ጠቆመ፤ ጨርቁ የአዳራሹ ንብረት ነው፣ ይመለስ አለ። እውነቱን ነው። ቱታውን አንሥቼ መተርተሪያዬን ያዝኩና ኪሱን ከነገበሩ ፈታሁት፤ እሱ ቆሞ እያየኝ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ክር ሳልበጥስ። ቱታውን አጣጥፌ ሰጠሁት። «ጨርቁ የአዳራሹ ነው» አልኩት። «ገበሩ ግን ከቤቴ ነው የመጣው።» ኪሱን መሶቤ ውስጥ ከመርፌዎቼ ጋር አኖርኩት። የኪሱ የውጪ ጨርቅ የአዳራሹ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አልጠየቀኝም።

ሕንጻው በተመረቀበት እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ተውኔቱ በወንድሜ ጎማ መጠገኛ ግቢ ታየ። ዶዘሩን በአሮጌ ጎማ ሠራነው፤ ከላይ የተሰበረ የመኪና ወንበር። ነጎድጓድ የለበሰው የወንድሜን የራሱን የድሮ ቱታ ነው፤ ጉልበቱን ጠግኜ ኪሱን ጭኑ ላይ ሰፋሁት። እሱ በሕንጻው ምረቃ ላይ ግጥም እንዲያነብ ተጠርቶ ነበር፤ ድምፄ ታሟል ብሎ ቀረ፤ የሚያምነው ባይኖርም። ተቆጣጣሪውን የተጫወተው መብራት የሚሠራው ነው። ቀን ነው፣ መብራት አያስፈልግም፣ ምን ላድርግ ብሎ።

የመጣው ከድሮው ሰፈር የነበረ ሰው ነው። ልጅቷ አንድ በአንድ እየዞረች ነው የፈለገቻቸው፤ አንዳንዱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው ያለው። ጎማ ላይ ተቀመጡ፣ አጥር ላይ ተደገፉ። ወንድሜ የፊት ወንበር አልፈልግም ብሎ ከኋላ አየር መሙያው አጠገብ ቆመ። ከሕንጻው በኩል የድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው ስለ ዕድገት ይናገራል፣ ጭብጨባ ይመጣል፣ እንደገና ይናገራል።

«ሰው አለ» አለ ነጎድጓድ።

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ውስጥ ሰው አለ።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

ከማጉያው ጭብጨባ መጣ። ነጎድጓድ እስኪያልቅ ጠበቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመናገሩ በፊት ከተመልካቹ መሐል አንዲት ሴት፣ ጭኗ ላይ ልጅ ያስቀመጠች፣ ቀድማው «አለ» አለች። ከአጥሩ በኩል ሌላ ሰው «አለን» አለ። ከዚያ ብዙ ሰው «አለን» አለ። ተቆጣጣሪው መልሱ ጠፋበት፤ ድርሰቱ ላይ አልነበረማ። ወረቀቱን አየ፣ ሰዉን አየ፣ እንደምንም ያንኑ መለሰ። ነጎድጓድ የሌለውን ሞተር አጠፋ። በዚያው ቅጽበት ወንድሜ እጁን ዘርግቶ የአየር መሙያውን ሞተር አጠፋ። ግቢው ፀጥ ሲል ቁልፉ ኪስ ሲገባ ቁጥር ከተመታበት ቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ነጎድጓድ በግራ ወረደ፤ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተጫውቶት ይሁን ከምሩ አልጠየቅሁትም።

ማንም ምን ማለት ነው ብሎ አልተከራከረም።

በማግሥቱ ኃላፊው ወደ ክፍሌ መጣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዞልኝ ነበር፤ በንብረት አያያዝ ጉድለት የሚል። ጣቴን እያስኬድኩ እሱ ቆሞ እስኪሰለቸው አነበብኩት፣ ከዚያ የልብስ ቅዶቼን በምሰቅልበት ግድግዳ ላይ በስፒል ሰካሁት። ሊወጣ ብሎ ተመለሰ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው እያወራ ነው» አለኝ። «ቁልፉ... የተውኔቱ ነው አይደል? ማለቴ እውነተኛው አይደለም።»

«እሱን እኔ ምን አውቄ» አልኩት። «ሦስት ጊዜ ተፈትሿል። አራተኛ ከፈለጋችሁ ቤቱን ታውቁታላችሁ።»

አየኝ። ጫማውን አየ። ወጣ።

እስካሁን የመጣ የለም። ወንድሜ ቁልፉን ጃኬቱ ውስጥ አልመለሰውም። ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ሲመጣ ከኮሪደሩ ጀምሮ ይሰማኛል። ከባድ ነው፣ ኪስ ይበላል። ሁለት ጊዜ ገበሩን ቀይሬለታለሁ፤ ሦስተኛውን ትናንት ጀመርኩ።